ቁልቁለቱን ማን ያስተምረን?
እሁድ ማለዳ መስቀል አደባባይ ስሄድ ዓይኔ የሚያርፈው ደረጃውን በሚወጡት ላይ ሳይሆን በሚወርዱት ላይ ነው። ሲወጣ ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ትንፋሹ ያስገድደዋል። ሲወርድ ግን አንዱ ስልኩን ያያል፣ ሌላው ከጓደኛው ጋር እያወጋ ተረከዙን ኮንክሪቱ ላይ ይወቃል። አንድ ሽበታም አዛውንት ብቻ ሽቅቡን ሮጠው ቁልቁሉን በሰያፍ፣ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፤ ወጣቶቹ በእሳቸው ፈገግ ይላሉ። እኔ አሰልጣኝ ምረጥ ብባል የምመርጠው እሳቸውን ነው። ቁልቁል ስንወርድ የጭናችን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደታችንን ይሸከማል፤ በማግስቱ ወይም በሠልስቱ ታክሲ ውስጥ ስንቀመጥ የሚያስቃትተን ሕመም የዚያ ውጤት ነው። እሱስ በራሱ ይለቃል፤ የሚያሳስበኝ ጉልበቱ ሲያብጥ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ የሚሄደው ጥቂቱ ነው፤ ብዙዎቻችን ወጌሻ ፈልገን እብጠቱን እናሳሻለን፣ ወይም በፋሻ ጠቅልለነው እንረሳዋለን። አትሌቶቻችን እንኳ እንጦጦ ጫካ ገብተው ለስላሳ አፈር ይመርጣሉ፤ ቀላል ሩጫ ያሉበት ቀን ደግሞ እውነትም ቀላል ነው። እኛ የእነሱን ማሊያ እንገዛለን፤ ሰውነት ማሟሟቁን፣ ዕረፍቱንና ዝግታውን ግን ለእነሱው ትተንላቸዋል።