የጋብቻ ወረቀትና የባሕር ማዶ ጉዞ

ከሞጣ ወደ ቆላው ወርዶ ዓባይን በሰባራ ድልድይ የሚሻገረው መንገድ ጎጃምንና በጌምድርን ከጥንት ጀምሮ ሲያገናኝ የኖረ ነው። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ በጠላት ወረራ ጊዜ መካከሉ ከተሰበረ በኋላ፥ በወዲህና በወዲያ ማዶ የሚኖሩ ዘመዳሞች ለሠርግም ለልቅሶም ለገበያም የሚገናኙት በገመድ ታስረው በሁለቱ ዳር የቆሙ ጎበዞች እየጎተቱ ሲያሳልፏቸው ነበር። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ስባሪው ቢጠገንም ሙላት መልሶ ስለ ወሰደው፥ ከዚያ በኋላ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራለት። በገመዱ ዘመን ሚስቱን ከማዶ ለማምጣት የሚሻ ሰው የሚያስፈልገው ገመዱን የሚይዝ የታመነ ሰው ብቻ ነበር።

ዛሬ የብቸናና የሞጣ ልጆች የሚሻገሩት ውሃ ከዓባይ የሰፋ ሆኗል። ባል በባሕር ማዶ፥ ሚስት በአባቷ ቤት፥ ልጆች በአያታቸው እጅ የሚኖሩበት ጊዜ መጥቷል። እነዚህን ቤተ ሰቦች አንድ የሚያደርጋቸው ቪዛ የሚባለው የመግቢያ ፈቃድ ሲሆን፥ ቪዛው የሚገኘው በወረቀት ማስረጃ ነው። ወረቀቱንም በወዲህ በኩል የሚጽፉት የቀበሌው የክብር መዝገብ ሹምና የደብሩ አለቃ ናቸው። ስለዚህ ነገሩ የተጓዦች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም፤ ማኅተም በእጃቸው ያለ ሰዎች ሁሉ ጉዳይ ነው።

የውጭ መንግሥታት ሕግ በዝርዝሩ ቢለያይም በመሠረቱ ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፥ ጋብቻው እውነተኛ መሆኑን፤ ሁለተኛ፥ ጠሪው ተጠሪውን ለማኖር የሚችል መሆኑን፤ ሦስተኛ፥ የመጣው ሰው በወረቀት የተጻፈው ሰው ራሱ መሆኑን ነው።

በአሜሪካ ሕግ ዜጋ የሆነ ሰው ለባለቤቱ ሲያመለክት በዓመት የተወሰነ የቁጥር ገደብ አያግደውም፤ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ግን በተመደበው ቁጥር ውስጥ ተራውን ይጠብቃል። ለእጮኛ የሚሰጠው ቪዛ ለዜጋ ብቻ የተፈቀደ ሲሆን፥ ሁለቱ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት 2 ዓመታት ውስጥ በአካል የተያዩ መሆን ይገባቸዋል፤ እጮኛው ከገባ በኋላም ጋብቻው በ90 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት። ጋብቻው 2 ዓመት ሳይሞላው የገባ ሰው የሚያገኘው የመኖሪያ ፈቃድ ለ2 ዓመት ብቻ ነው፤ ጊዜው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ባልና ሚስት አብረው ቀርበው ኑሯቸው የጋራ መሆኑን ማስረዳት ይኖርባቸዋል። ጠሪው ደግሞ ገቢው መንግሥት ከወሰነው የድህነት ልክ ቢያንስ 125 በመቶ መድረሱን አሳይቶ የዋስትና ቃል ይፈርማል። ይህ ዋስትና በፍቺ አይፈርስም፤ ተጠሪው ዜጋ እስኪሆን ወይም የ40 ሩብ ዓመት ሥራ እስኪቆጠርለት ድረስ ይጸናል። በዘመድ ግፊት ብቻ የሚፈርም ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ መልካም ነው።

እንግሊዝ የትዳር ጓደኛውን የሚጠራ ሰው ሊኖረው የሚገባውን የዓመት ገቢ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ከ18,600 ወደ 29,000 ፓውንድ ከፍ አድርጋለች። ጀርመን ከ1999 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፥ አንዳንዶችን ነጻ ብታደርግም፥ ተጠሪው ከመምጣቱ በፊት የመጀመሪያውን ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና እንዲያልፍ ትጠይቃለች። አውስትራልያ አስቀድማ ጊዜያዊ ፈቃድ ሰጥታ፥ የዘወትሩን ፈቃድ በሁለተኛ ደረጃ መርምራ ትሰጣለች። የካናዳ ደንብ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ አንድ ሰው ወደዚያ ሲገባ ሚስቱን ወይም ልጁን ሳያስታውቅ ቢቀርና ሳይመረመሩ ቢታለፉ፥ በኋላ ልጥራቸው ሲል ሊከለከል ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ለአንዳንዶች ማቃለያ ቢደረግም መሠረቱ ይኸው ነው። ጉዳዩ ቶሎ እንዲያልቅለት ብሎ «ያላገባሁ ነኝ» ያለ ሰው፥ በዚያች አንዲት ቃል ቤቱን ከውጭ ቆልፎበት ይሄዳል።

ከዚህም በላይ የመንግሥታት ትእዛዝ በየጊዜው ይለዋወጣል። በጥር 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያ የምትገኝባቸውን የ75 አገሮች ዜጎች የሚመለከተውን የዘወትር ነዋሪነት ቪዛ መስጠት ማቆሙን አስታውቋል። እንዲህ ያለው ትእዛዝ ሲወጣም ሲሻርም በኢትዮጵያ ያለ ሹም ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም። በር ሲከፈት ግን ወረቀቱ የተስተካከለለት ሰው ይቀድማል፤ ወረቀቱ የተበላሸበት ሰው በተከፈተ በር ፊት ቆሞ ይቀራል። ይህ ክፍል በኢትዮጵያውያን እጅ ያለ ነው።

የወረቀቱ ድካም ከየት እንደ መጣ ማስተዋል ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፥ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም፥ የመዝገቡ ክፍል ወደ ፊት በሚወጣ ትእዛዝ እስኪጀመር ድረስ እንዲቆይ ያው ሕግ ራሱ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ ሳይወጣ ግማሽ ምእት ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፥ ምዝገባው በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰ የገጠር ሰው ሁሉ በተወለደበት ቀን በመንግሥት መዝገብ አልተጻፈም። የልደቱ ምስክር የእናቱ ትዝታ፥ የክርስትና አባቱ ቃል፥ ቢገኝም የደብሩ የጥምቀት መዝገብ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው ለዚህ ነው።

ጋብቻም እንደዚሁ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ያውቃሉ። ነገር ግን በተክሊልና በቁርባን የተጋቡም ሆኑ በሽማግሌ ፊት ቃል የተቀባበሉ ጋብቻቸው ሊመዘገብ ይገባል፤ አዋጁ ለጋብቻ የሰጠው ጊዜ 30 ቀን፥ ለልደት 90 ቀን ነው። ብዙዎች ይህን የሚያስታውሱት የኤምባሲ ቀጠሮ ሲደርስ ብቻ ነው። ከሠርጉ ከ8 ዓመት በኋላ፥ ከቀጠሮው 8 ቀን በፊት የተጻፈ ማስረጃ እውነት ቢሆንም እንኳ መርማሪውን ያጠራጥረዋል።

በወረቀቱ ላይ ዘወትር የሚታዩት ስሕተቶች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የዘመን አቈጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ ዓመት ላይ 7 ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይጨመራል። በኅዳር 1985 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች 1992፥ በጥር 1985 ዓ.ም. የተወለደ ግን በ1993 የተወለደ ነው። ይህን ሳይለይ በግምት የሚጽፍ ጸሐፊ አንዱን ሰው ሁለት የልደት ዓመት ያለው ያደርገዋል።

ሁለተኛው ስም ነው። ኢትዮጵያዊት ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች እንጂ የባሏን ስም አትወስድም፤ ልጅም የአባቱን የመጠሪያ ስም ስለሚያስከትል የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም አይገጥምም። ይህ ለውጭ አገር መርማሪ እንግዳ ነገር ነው። በዚህ ላይ የክርስትና ስም በአንዱ ወረቀት፥ የዓለም ስም በሌላው ሲጻፍ፥ ጸሐይ የሚለውም ስም በላቲን ፊደል በየጽሕፈት ቤቱ ልዩ ልዩ ሆኖ ሲገለበጥ፥ አንዲት ሴት ሦስት ሴት ትመስላለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በፓስፖርቱ የተጻፈው አጻጻፍ በሁሉም ወረቀት እንዲጠበቅና የክርስትናው ስም ከዓለሙ ስም ጋራ ጎን ለጎን እንዲጻፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው፤ ይህ ግን ከስሕተት አልፎ ወደ በደል ይደርሳል። ሕጉ ለወንድም ለሴትም የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ከ18 በታች ያለችውን ልጅ ከፍ አድርጎ የሚጽፍ ሹም ልጅቱን ሁለት ጊዜ ይጎዳል። በመጀመሪያ ሕጉ ሊጠብቃት ሲገባ አሳልፎ ይሰጣታል፤ ኋላም የትምህርት ቤቷ መዝገብና የልደት ወረቀቷ ሲለያዩ የሐሰት ማስረጃ አቅርበሻል ተብላ የምትጠየቀው እርሷ ናት።

የዚህ ሁሉ ምንጭ ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። በጎጃም እንደ ሌላው የኢትዮጵያ አገር የሟች ወንድምን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ ታላቅ ምግባር ነው። ሆኖም አሳዳጊው ወደ ውጭ ሲሄድ ልጁን «ከአብራኬ የተከፈለ ነው» ብሎ ያስመዘግባል፤ ሹሙም ደግነቱን ስለሚያውቅ ያትምለታል። በኤምባሲው ጥርጥር ሲነሣ የደም ዝምድና በምርመራ ይታወቃል። ያን ጊዜ የወንድሙ ልጅ ብቻ ሳይሆን እውነተኛዎቹ ልጆችም አብረው ይጠረጠራሉ። ለዚያ ልጅ የሚሆነው ደግነት አሳዳጊነቱን በፍርድ ቤት ማጽናትና የመጪው አገር ሕግ ለእንዲህ ያለ ልጅ ምን መንገድ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ መንገድ ባይኖር እንኳ ይህን ቀድሞ ማወቅ ከኋለኛው ውርደት ይሻላል።

ስለ ገንዘብ የሚደረገው የውሸት ጋብቻ ግን ርኅራኄ የለበትም። የአሜሪካ ሕግ ከ1979 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1986) ጀምሮ የመግቢያን ሕግ ለማምለጥ ሲል የሚጋባን ሰው እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጫ ይቀጣል። በሐሰት ጋብቻ ለመግባት መሞከሩ የተረጋገጠበት ሰው፥ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ትዳር ይዞ እንኳ የሚቀርብለት ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም። ቅዱስ ቊርባንን ወይም የሽማግሎችን ምርቃት ለእንዲህ ያለ ንግድ መሸፈኛ ማድረግ የሚያስከትለውን ኃፍረት ካህናት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የአንድ ደብር ማኅተም አንድ ጊዜ ሐሰት ከተገኘበት፥ በዚያ ደብር በእውነት የተጋቡት ሁሉ በጥርጥር ዓይን ይታያሉ።

ጉዞውን የሚያስቡ ቤተ ሰቦችም ቪዛው ሳይደርስ መመካከር ይገባቸዋል። በአሜሪካ ሕግ ልጅ እንደ ልጅ የሚቈጠረው ሳያገባ እስከ 21 ዓመቱ ስለ ሆነ፥ የሚዘገይ አባት ልጁን ከተራው ሊያስወጣው ይችላል፤ የእንጀራ ልጅም የሚቈጠረው ጋብቻው ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከተፈጸመ ነው። የመሬት ይዞታው ደብተር በባልና በሚስት ስም የተጻፈ ስለሚሆን ማን እንደሚያርሰው፥ አረጋውያን ወላጆችን ማን እንደሚጦር በጽሑፍ ይወሰን። ኢትዮጵያ ሁለት ዜግነት እንደማትፈቅድ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ የተደነገገ ነው፤ የውጭ ዜግነት የሚቀበል ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደሚለቅ፥ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ለሆኑ የውጭ ዜጎችም በ1994 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ልዩ መታወቂያ እንደሚሰጥ ይታወቅ። ባል ቀድሞ ሄዶ ሚስት የምትቀር ከሆነ፥ የደብዳቤው፥ የስልኩና የሚላክላት የገንዘብ ደረሰኝ ሁሉ ይቀመጥ፤ ትዳሩ መኖሩን ኋላ የሚያስረዳው ይህ ነውና።

እንግዲህ ለሹማምንትና ለካህናት የሚቀረው ሥራ ከባድ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ካህን ሙሽሮችን ከባረከ በኋላ ሳምንቱ ሳያልፍ ወደ ቀበሌው መዝገብ እንዲሄዱ ቢመክር፥ በጥምቀት ቀን የሕፃኑን ሁለት ስም፥ የወላጆቹን ስምና ቀኑን በንጹሕ መዝገብ ቢጽፍ፥ ከ20 ዓመት በኋላ አንድን ቤተ ሰብ ከመለያየት ያድናል። ሹምም ማስረጃ ሲጠየቅ ያየውንና የተመሰከረለትን ብቻ ይጻፍ፤ ያላየውን እንዲጽፍ የሚለምነውን ዘመድ በትሕትና ይመልሰው፤ የሚገባውን ማስረጃ ለማግኘት የመጣችውን ሴት ግን ከሞጣ ቆላ ቀበሌ ሁለትና ሦስት ጊዜ አያመላልሳት። ሐሰትን መከልከልና እውነትን ማዘግየት ሁለቱም አንድ ቤት ያፈርሳሉ። በአዲስ አበባ በኤምባሲው መስኮት ፊት የምትቆመው ሚስት ከእርሷ ጋራ የሚቆምላት ዘመድ አይኖራትም፤ በእጇ ያለው ያ ወረቀት ብቻ ነው።