ቃልን ከነአገባቡ ስለ ማጥናት

እንደሚታወቀው በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ያለው ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ስለዚህ እንግሊዝኛ ለአገራችን ተማሪ አንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ ሳይሆን ወደ ሌላው ትምህርት ሁሉ መግቢያ በር ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ መሆናቸው በተገለጸ ጊዜ ያልደነገጠ አልነበረም። የውድቀቱ ምክንያት ቋንቋ ብቻ ነው አንልም፤ ነገር ግን ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ በቅጡ ያልተረዳ ተፈታኝ የሚያውቀውንም ለመመለስ መቸገሩ አያከራክርም።

ታዲያ የምናጠናው እንዴት ነው? ብዙው ተማሪ የደብተሩን ገጽ ለሁለት ከፍሎ፣ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ጽፎ ይሸመድዳል። ይህ ለጀማሪ ቢጠቅምም ሩቅ አያደርስም። በዚህ መንገድ ‹‹ሲ››ም፣ ‹‹ሉክ››ም፣ ‹‹ዎች››ም ያው ማየት ናቸው። ዳሩ ግን አንደኛው ሳናስበው በዓይናችን የገባውን፣ ሁለተኛው ዓይናችንን አቅንተን የተመለከትነውን፣ ሦስተኛው የሚንቀሳቀሰውን ነገር ተከታትለን ያየነውን ያመለክታል። ‹‹ጊቭ›› መስጠት፣ ‹‹አፕ›› ወደ ላይ ነው ብሎ የያዘ ተማሪስ፣ ‹‹ጊቭ አፕ›› ተስፋ ቆርጦ መተው መሆኑን ከየት ያመጣዋል? በኛ አነጋገር ጉንፋን ሰውን ይይዛል፤ በእንግሊዞች አነጋገር ግን ጉንፋኑን የሚይዘው ሰውየው ነው።

ጉዳቱ በክፍል ውስጥ ብቻ አይቀርም። ‹‹ሪኩዌስት››ም ‹‹ዲማንድ››ም መጠየቅ ናቸው ብሎ የተማረ ወጣት ሹም፣ ለውጭ ድርጅት የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍ ሁለተኛውን ቢመርጥ ልመናው ትእዛዝ ይሆንበታል።

ችግሩን የተረዱ ሊቃውንት መፍትሔውን ካቀረቡ ቈይተዋል። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው መዝገበ ቃላት 24 ሺህ ያህል ቃላትንና አነጋገሮችን በ1,490 ቀላል ቃላት ብቻ ፈታ። በ1987 የታተመው ኮቢልድ ደግሞ ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር አደረገው፤ ይኸውም ቃሉን ማን፣ ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደሚናገረው ከትርጉሙ ጋር አብሮ ለማሳየት ነው።

እንግዲህ የአማርኛው ፍቺ ይጣል ማለታችን አይደለም። አምሳሉ አክሊሉና ሞስባክ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን የመሰለ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ለመነሻ ምን ጊዜም ያስፈልጋል። የምንለው እዚያው አይቁም ነው። ተማሪው አዲስ ቃል ባገኘ ቊጥር በቀላል እንግሊዝኛ ይፍታው፤ ቀጥሎም ከገዛ ኑሮው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሥራው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሥራበት፤ መምህሩም ያርምለት። በቀን አምስት ቃል በዚህ ዓይነት ያጠና፣ ኀምሳ ሸምድዶ በማግስቱ ከሚረሳው ይልቅ ብዙ ይጠቀማል።