ከማደንዘዣ የነቃን ሰው «ምን አዩ?» እንበለው

የአኔስቴዢያ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ ሰው ማደንዘዝ ነው። ፕሮፖፎል የተባለው ወተት የመሰለ መድኃኒት በደም ሥር ሲገባ፣ ስለ ልጆቹ ሲያጫውተኝ የነበረ ሰው ወሬውን ሳይጨርስ ዝም ይላል። ልቡ ይመታል፣ ደሙ ይዘዋወራል፤ «እኔ» ባዩ ግን የለም። በኬታሚን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ትንፋሽን እምብዛም ስለማይጫን መሣሪያ ባልተሟላበት ሆስፒታል ሁሉ የምንመካበት መድኃኒት ነው። በሽተኛው ዓይኑ ተገልጦ ሳለ ቢቆርጡት አይሰማውም። ሲነቃ ግን የሚያወራው አያጣም፤ ከገላዬ ወጥቼ ራሴን ከላይ አየሁት የሚል አለ፣ ብርሃን ውስጥ ገባሁ ብሎ የሚያለቅስ አለ፣ ክፉኛ የሚደነግጥም አለ። አንዲት እናት እጄን ጨብጠው «የት ወስደሽኝ ነበር ልጄ?» ብለውኛል። የደም ግፊታቸውን፣ የልብ ምታቸውንና የኦክስጅን መጠናቸውን መዝግቤያለሁ። ይህን ጥያቄያቸውን የምጽፍበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ አልነበረም።

ይህ ትንሽ ጉድለት አይመስለኝም። ኤተር እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን በአደባባይ ከታየ ወዲህ ሰውን አደንዝዞ መመለስ ተችሏል። መድኃኒቶቹ አንጎል ውስጥ የት እንደሚያርፉም በብዙው ይታወቃል። የነርቭ ሴሎች እንቅስቃሴ እንዴት ሕመም፣ ቀለም፣ ናፍቆት ሆኖ እንደሚሰማን ግን ማንም አልነገረንም። ፈላስፋው ዴቪድ ቻልመርስ «ከባዱ ጥያቄ» ያለው ይህንኑ ነው። የአንጎል ተመራማሪው ክሪስቶፍ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1998 «በ25 ዓመት ውስጥ የንቃተ ኅሊና አሻራ በአንጎል ውስጥ በግልጽ ይገኛል» ብሎ ከቻልመርስ ጋር ተወራረደ። እ.ኤ.አ. በ2023 መሸነፉን አምኖ የተወራረደበትን ወይን አስረከበ።

ከአዳር ተረኝነት ስወጣ ወደ ካዛንቺስ የምሄደው በመስቀል አደባባይ በኩል ነው። ሯጮቹ ደረጃውን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። እስጢፋኖስ ደጃፍ ነጠላቸውን ያጣፉ ምእመናን ቆመዋል፤ አንድ አዛውንት መቁጠሪያቸውን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ እየገፉ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይላሉ። አርባ አንድ ሲሞላ እንደገና ይጀምራሉ፤ መኪና ቢያንባርቅ ዞር አይሉም። በረመዳን እዚሁ አስፋልት ላይ ለአፍጥር ከሚቀመጡት መካከልም ተስቢሕ ይዘው ዚክር የሚያደርጉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ሐሳባቸውን መሰብሰብን ዕድሜ ልክ ተለማምደዋል። ስለ ንቃተ ኅሊና የሚመራመር ሰው እነሱን ሳይጠይቅ ማንን ይጠይቃል?

የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ልምዱን በሥርዓት አስቀምጠውታል። መጽሐፈ መነኮሳት በሚባሉት በማር ይስሐቅ፣ በፊልክስዩስና በአረጋዊ መንፈሳዊ ትምህርት የመንፈሳዊ ሕይወት ጉዞ ከንጽሐ ሥጋ ወደ ንጽሐ ነፍስ፣ ከዚያም ወደ ንጽሐ ልቡና ይሄዳል። በእነዚህ ሥር የሚዘረዘሩት መዓርጋት ዐሥር ናቸው። መጀመሪያው ጽማዌ ነው፤ ከወሬና ከሁካታ መለየት። ቀጥሎ ልባዌ ይመጣል፤ ማስተዋል። ከዚያ የዝማሬው ጣዕም ይሰማል፣ ዕንባ ይመጣል፤ እያለ ይቀጥላል። ለእኔ ይህ ስለ ውስጣችን በትዕግሥት የተሰበሰበ ምስክርነት ነው። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአባቶች ጥርጣሬ ነው፤ ብርሃን አየሁ የሚለውን ጀማሪ ቶሎ አያምኑትም፣ ራሱም እንዳያምን ይመክሩታል፣ ለመምህሩ እንዲነግር ያዙታል። ከላቦራቶሪ ጥንቃቄ በምን ያንሳል?

ሌላው ዓለም የገዳሙን ልምድና ላቦራቶሪውን ማገናኘት ጀምሯል። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ እነ ሪቻርድ ዴቪድሰን ለዓመታት በተመስጦ የኖሩ የቡድሃ መነኮሳትን የአንጎል ሞገድ ለክተው እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ሞንትሪያል ውስጥም የካርሜላውያን ደናግል ተመርምረዋል። ታዲያ ይህን ይዘን «ሳይንስ ጸሎትን አረጋገጠ» ማለት ስሕተት ነው። ማሽኑ የሚያየው የጸላዩን አንጎል እንጂ ጸሎቱን የሚሰማውን አይደለም። በሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ የምሰማው «ያው ኬሚካል ነው» የሚለው ንግግርም አያሳምነኝም፤ ኬሚካሉን በየቀኑ በእጄ እሰጣለሁ፣ መርፌው ውስጥ እያለ ግን የማንንም ናፍቆት አይቼበት አላውቅም።

የመጻሕፍት መምህራንና የነርቭ ሐኪሞች፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህራን፣ የዚክር ሸኾችም ጭምር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ እላለሁ። ገዳማዊውን ወደ ማሽን ለመጎተት አይደለም፤ ፈቃዱ የእሱ ነው። መጀመሪያ ይነጋገሩ፣ አንዱ የሌላውን ጥያቄ ይስማ።

ሆስፒታሎች ግን እነሱ እስኪቀመጡ መጠበቅ የለባቸውም። በአኔስቴዢያ ቅጹ ላይ፣ ከኦክስጅኑ መጠን በታች፣ አንድ ባዶ መስመር ይጨመር። በሽተኛው ሙሉ በሙሉ ሲነቃና ፈቃደኛ ሲሆን ምን እንዳየ፣ ምን እንደተሰማው ይጠየቅ። በአማርኛም ይናገር በኦሮምኛ ወይም በጉራጊኛ፣ ቃሉ ሳይታረም፣ ወደ ሕክምና ቋንቋ ሳይለወጥ ይጻፍ።