«ፎቶ አጥፋ» የሚል ምክር ይብቃን

የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌራችሁ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ አቦል ይደርሳል? እንግዲያው ምክሩንም ሰምታችኋል። አንዱ «ኮምፒውተሩ አርጅቷል፣ አዲስ ግዛ» ይላል። ሌላው «የድሮውን ፎቶ አጥፋለት፣ ይቀለዋል»። ሦስተኛው «ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ጫነው»። ሦስቱም መካሪዎች ኮምፒውተሩ ምን እየጠበቀ እንደሚንቀራፈፍ ሳይጠይቁ ነው የፈረዱበት።

እንጠይቅ እንጂ! ሶፍትዌሩ ሲከፈት በዋናነት የሚያነበው ትልልቆቹን ፎቶዎች አይደለም፤ ካታሎጉንና በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ምስሎችን ነው። እነሱ ደግሞ ዲስኩ ላይ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዱን ዙር ለመጨረስ 8 ሚሊሰከንድ ግድም ይፈጅበታል። ማንበቢያው ከቦታ ቦታ የሚሄድበት ጊዜ ሲጨመርበት፣ በሰከንድ መቶ ያህል የተበታተነ ቦታ ቢያነብ ነው። ኤስኤስዲ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውምና በአስር ሺዎች ያነባል። ታዲያ ያረጀው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ አንድ ዕቃው?

መልሱ ቀላል ነው። ሶፍትዌሩን ስትከፍቱ ታስክ ማናጀርን ተመልከቱ። የሞላው ራም ከሆነ ራም ጨምሩ። ዲስኩ 100% ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ግን አነስ ያለ ኤስኤስዲ ግዙና ዊንዶውሱን፣ ሶፍትዌሩን፣ ካታሎጉንና ትንንሾቹን ምስሎች እሱ ላይ አድርጉ። ዋናዎቹ ፎቶዎች ሰፊው ሃርድ ዲስክ ላይ ይቆዩ። በላይትሩምም፣ በነፃ በሚገኘው ዲጂካምም ይሄ ይቻላል። ፊት የመለየቱን ሥራ ለሌሊት ተዉለት። ኤክስተርናል ዲስካችሁ ዩኤስቢ 3 ከሆነ ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ላይ አትሰኩት፤ የመጀመሪያው ጣሪያ 5 ጊጋቢት በሰከንድ ነው፣ የሁለተኛው 480 ሜጋቢት። መብራት ድንገት ሲጠፋ ካታሎግ ሊበላሽ ስለሚችል ደግሞ ቅጂ ይኑራችሁ።

«ኢንተርኔት ላይ ጫነው» ባዮች ግን የሚያወሩት ስለየትኛው አገር ነው? ጉግል ፎቶስ ያልተገደበ ነፃ ማስቀመጫውን በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ በነፃ የቀረው 15 ጊጋባይት ነው፣ እሱንም ከጂሜይል ጋር ተካፍለን። በ2015 ዓ.ም ክረምት የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥስ? ፎቶው ሁሉ ደመና ላይ ብቻ የነበረ የወረታ ልጅ በገዛ አልበሙ ላይ በር ተዘጋበት ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «አጥፋ» ባዩ ነው። ከጣራ ገዳም ደን እስከ ፎገራ ሜዳ ያለውን አስቡት። ሩዝ ይሄን ሜዳ ከለወጠው ገና የአንድ ሽማግሌ ዕድሜ አልሞላውም። ሩዝ ሳይስፋፋ ሜዳው ምን ይመስል ነበር? ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሲወጡ ውኃው የት ድረስ ደረሰ? የፎገራ ከብት የሚግጥበት የትኛው ሜዳ ነበር? ይሄን የሚነግረን ከሠርግ ፎቶ ጀርባ ሳይታሰብ የገባው ማሳ ሊሆን ይችላል። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ሥራ የከተማዋን ያለፈ ዘመን ያሳየን ከየቤቱ አልበም በተሰበሰቡ ፎቶዎች ነው። የወረታም አልበም ዛሬ ያለው በዚያው በምንሳደብበት ኮምፒውተር ውስጥ ነው።

የሚዘገይ ዲስክ ይቀየራል። የአያትን ፎቶ ግን የትኛው ሱቅ ይሸጥልናል? ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድም ፎቶ ሳታጠፉ መጀመሪያ ታስክ ማናጀሩን ክፈቱ።