ፕሮግራም የሚያሠራ ነጋዴ ስለ ሙከራውም ይጠይቅ

የጅማና የቡታጅራ መንገዶች በሚለያዩበት በዓለም ገና መጋዘን ያለው ነጋዴ ዕቃ የሚረከበው ቆጥሮና መዝኖ ነው። ይኸው ነጋዴ የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራም ሲያሠራ ግን ስክሪኑ ላይ ያማረውን አይቶ ይከፍላል። ለምን ይሆን?

እንደሚታወቀው በኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የሚሠራ የዴስክቶፕ ፕሮግራም አንዱ ቦታ ሲስተካከል ሌላው ሊበላሽ ይችላል። ሁሉንም በየጊዜው በእጅ መፈተሽ አድካሚ ስለሆነ፣ እንደ ሰው ቁልፍ እየተጫነ፣ ቁጥር እያስገባ ውጤቱን የሚያመሳክር የሙከራ መሣሪያ ተሠርቷል። ጀማሪ ፕሮግራመሮች «የትኛው ይሻላል?» እያሉ የሚደናገሩት እዚህ ላይ ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን «ፕሮግራማችን በምን ተሠራ?» የሚለው ነው።

በዊንዶውስ ላይ በዶት ኔት ለተሠራ ፍላዩአይ ይስማማል። ባለሙያው ፓይተን የሚያውቅ ከሆነ ፓይዊንአውቶ ይቀለዋል። ሁለቱም በነጻ ይገኛሉ። ለጃቫ ስዊንግ አሰርትጄ ስዊንግ አለ። መሣሪያው ቁልፎቻቸውን ለይቶ ማወቅ ለማይችልባቸው አሮጌ ፕሮግራሞች በምስል የሚለየው ሲኩሊ ይረዳል፤ ሆኖም የስክሪኑ መጠን ወይም ቀለም ሲለወጥ ስለሚስት የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። የማይክሮሶፍቱ ዊንአፕድራይቨር ስሙ የታወቀ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ አዲስ ዕትም ስላልወጣለት ለአዲስ ሥራ አይመረጥም። እንደ ቴስትኮምፕሊት ያሉት ደግሞ ፈቃዳቸው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለነጋዴ አይነገርም።

ለመሆኑ ምን ይሞከር? የውጭ መመሪያ የማይነግረን የእኛው ጉዳይ አለ። ፕሮግራሙ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተቆረጠን ደረሰኝ ይቀበላል? ጳጉሜን 5 ቀን ብቻ በነበረችበት በ2016ስ ያንኑ ቀን አልቀበልም ይላል? ሰኔ 30 ሒሳብ ተዘግቶ ሐምሌ 1 የስቶኩ ቀሪ ሳይጎድል ይሻገራል? 15 በመቶው ቫት በሳንቲም ሲጠጋጋ ከጠቅላላ ድምሩ ጋር ይገጥማል? አንድ ጊዜ «ፀሐይ»፣ ሌላ ጊዜ «ጸሀይ» ተብላ የተመዘገበች ባለ ዱቤ ሁለት ሰው ሆና ትቆጠራለች?

ወጪ ይጨምራል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉን በአንዴ መሞከር አያስፈልግም። ገንዘብና ስቶክ የሚነኩት አምስት ስድስት ሥራዎች ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

በዚህ ረገድ አስተያየታችን አጭር ነው። ሙከራዎቹ በውሉ ውስጥ ይዘርዘሩ፤ የመጨረሻው ክፍያ ሙከራዎቹ በአሠሪው ፊት ተካሂደው እስኪያልፉ ይቆይ፤ የሙከራው ጽሑፍም ከፕሮግራሙ ጋር ይረከብ። ፕሮግራመሩ ነገ ሌላ ሥራ ቢይዝ፣ የሚተካው ሰው ምን እንዳበላሸ የሚያውቀው በዚያ ነው። ያለበለዚያ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል፤ የፈሰሰውን የሚለቅመው ደግሞ ባለ መጋዘኑ ነው።