የታመመች ዶሮ ገበያ አትውጣ

ዶሮአችሁ የታመመችባችሁ እንደ ሆነ ምን ታደርጋላችሁ? በእኛ ሰፈር መልሱ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ሳትሞት ማረድ፣ አለዚያም ገበያ ማውጣት ነው። እኔም ይህን ምክር ለመቀበል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

እናቴ ከአገር ቤት በቅርጫት ይዛ ያመጣችልኝ ገብስማ ዶሮ አለችኝ። የበዓሉ ሰሞን አንድ ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ላባዋን አቁማ፣ አንገቷን ቀብራ፣ ከግድግዳው ሥር ኩርምት ብላ አገኘኋት። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ይባላል፤ ይህች ግን የሰጠኋትን ጥሬ ረግጣ ቆመች። የቤቴ አከራይ አይተው፣ «ልጄ፣ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ዓይኗ ሳይከደን ሽጣት» አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ሲደረግ የኖረውን ነገሩኝ እንጂ።

ነገር ግን አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ትዝ አለችኝ። ለልጆቿ ደብተር የምትገዛው ከ4 ዶሮዎቿ እንቁላል ነው። የእኔ ዶሮ የያዛት ፈንግል ቢሆን፣ ገበያ ባወጣት የስንቱን እንዲህ ያለ ሰው ቆጥ ባዶ ባደረግሁ ነበር! ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ፣ ከያዘ በኋላ ፈዋሽ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው፤ በኩስ፣ በላባ፣ በእጅና በጫማ ሳይቀር ይተላለፋል።

ስለዚህ በቤቴ ጥግ በካርቶን ውስጥ ገለባ አንጥፌ ለብቻዋ አስቀመጥኋት። ሙቅ ውሃ የሞላሁትን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጎኗ አኖርሁ። በነካኋት ቁጥር እጄን በሳሙና ታጠብሁ፤ ጎረቤቴም ዶሮዎቿን ወደ ግቢያችን እንዳትለቅ ነገርኋት።

ፈንግል ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አረንጓዴ ያስቀምጣል፣ አንገት ያጣምማል። ከእነዚህ አንዱንም አላየሁባት። ጧት ምንም ሳትቀምስ ከአንገቷ ሥር ያለውን የእህል ከረጢት ዳሰስሁ። የጤነኛ ዶሮ ከረጢት ሌሊቱን ወርዶ ጧት ባዶ ይሆናል፤ የእርሷ ግን ጠጥሮ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ለበዓል የጎዘጎዝነውን ቄጠማ ከደረቀ በኋላ ጠርገን በጓሮ ጥለነው ነበር፤ እርሱን ውጣ ኖሯል።

እህል ከለከልኋት። ለብ ያለ ውሃ በመንቁሯ ጠርዝ ጠብ እያደረግሁ፣ በቀን 4 ጊዜ ከረጢቱን በጣቴ በቀስታ አሸሁላት። ትንታ ሊገድላት ስለሚችል ዘቅዝቆ ማስታወክ አይገባም። በ3ኛው ቀን ከረጢቱ ለሰለሰ፤ በውሃ የራሰ ዱቄት በጥቂቱ ሰጠኋት። ጥርስ የሌላት ፍጥረት እህሏን የምትፈጨው በዋጠችው ጠጠር ነውና ደቃቅ ጠጠርም ጨመርሁላት። በ6ኛው ቀን የካርቶኑን ገለባ ስትጭር አገኘኋት። ባትሻላት ኖሮ ወደ እንስሳት ሐኪም እወስዳት ነበር።

ሁሉ በሽታ እንዲህ አያልፍም። ለፈንግል መከላከያው ክትባት ነው፤ እርሱም የሚሰጠው ዶሮዋ ጤነኛ ሳለች ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ ጎረቤት ተባብሮ ቢያስከትብ ይቀላል። እኔና ጎረቤቴም እንዲሁ አደረግን።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፤ የታመመችውን ለይታችሁ አስታምሙ። ብትድን ደስታው የእናንተ ነው። ብትሞትም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሯት፤ የጠፋችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት፤ የጎረቤት ቆጥ ግን ይተርፋል።