ትንሿን መኪና ማን አሳነሳት?

በቅርቡ በአንድ የክርስትና ድግስ ላይ የእህቴ ልጅ አዲስ የገዛቻትን የኤሌክትሪክ መኪና ከደጃፉ አቁማ ገባች። ከቻይና የመጣች፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር እንኳ የማይሞላ፣ ሁለት በሮች ብቻ ያሏት መኪና ናት። ልጅቱ ተቀምጣ እንጀራ ሳትቆርስ ቀልዱ ተጀመረ። አንዱ «ቀሪው ግማሽ መቼ ነው የሚመጣልሽ?» አላት። ሌላው «ዝናብ ሲመጣ ብብትሽ ሥር ይዘሻት ግቢ» ሲል መከራት። ከዚያ ነገሩ እንደ ተለመደው ወደ ትዝታ ዞረና ጠጉራችን የሸበተው ሁሉ ስለ ሴይቼንቶ፣ ስለ ቺንኩዌቼንቶ፣ ስለ ቮልስ እያነሣን ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስንስቅ ቆየን።

ይህ ጽሑፍ ያንን ሳቅ ለመቃወም የተጻፈ ነው። ከሳቂዎቹ አንዱ እኔ ስለ ነበርኩ ክርክሩ በመጀመሪያ ከራሴ ጋር ነው። ትዝታችን ላይ ላዩን ፍቅር ይምሰል እንጂ ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ሰው ንቀት አለበት። ስለ ትንሿ መኪና የምናወራው፣ በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የተመላለሰ ሰው ስለ ልጅነቱ እንደሚያወራው ነው፤ «አይ ያ ጊዜ! እንኳንም አለፈ» በሚል ቃና። እኔ ግን ጥለነው ያለፍነው ችግራችንን ሳይሆን ብልኀታችንን ነው እላለሁ።

አባቴ መምህር ነበር። በ1960ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ላይ፣ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር የቆየች የወተት ቀለም ያላት ሴይቼንቶ ገዛ። ፊያት ይህችን መኪና ለገበያ ያቀረባት እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን የነደፋት መሐንዲስ ዳንቴ ጃኮሳ ይባላል። ርዝመቷ 3.2 ሜትር ገደማ፣ የመጀመሪያው ሞተሯ 633 ሲሲ፣ ክብደቷም ከ600 ኪሎ ያነሰ ነበር። ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። የኛይቱ በሮች ማጠፊያቸው ከኋላ በኩል ስለ ነበር የሚከፈቱት ከሌሎች መኪኖች በተቃራኒ ነው፤ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ለመግባት ከዚህች የሚመች መኪና አላየሁም ትል ነበር። አምስት ልጆችና ሁለት ወላጆች ተጠጋግተን እሑድ እሑድ ደብረ ዘይት ወርደንባታል። ዛሬ ይህንን ስናገር ልጆቼ አያምኑኝም።

ጉድለቷን አልደብቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ፣ አየሩ ስስ ነውና የዚያ ዘመን ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ገና ሲነሣ ያጣል። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስንወጣ አባቴ ሞተሩ እንዲተነፍስ የኋላውን ኮፈን በእንጨት ደግፎ ይከፍተውና በሁለተኛ ማርሽ፣ እንደ ጸሎተኛ አንገቱን አቀርቅሮ ይነዳ ነበር። ራዲያተሯ ሲጠማ የሚጠጣው ውሃ ከእግራችን ሥር በጀሪካን አይለይም። የክረምት ጠዋት አልነሣም ስትል እኛ ልጆቹ እንገፋታለን፤ ለመግፋትም ሁለት ልጅ ይበቃ ነበር። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎሚስታ የሚሉትን የጣልያን ቃላት የተማርኋቸው ከሷ ሥር ተንበርክኬ ነው። ያደክም ነበር። ዳሩ ግን አንድ የመምህር ደመወዝ እሷን ገዝቶ፣ ቤንዚን ሞልቶ፣ አሳድሶ ያኖራት እንደ ነበር አይዘንጋ። ዛሬ የትኛው መምህር ነው በደመወዙ መኪና የሚገዛ?

ሁለተኛ ደረጃ ስገባ አፈርኩባት። የክፍሌ ልጆች እንዳያዩኝ ከትምህርት ቤቱ አንድ ማዕዘን ቀደም ብሎ እንዲያወርደኝ አባቴን ለመንሁት። ምክንያቱን አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሳልነግረው ራሱ ከማዕዘኑ ላይ ማቆም ጀመረ።

በደርግ ዘመን፣ በሰዓት እላፊ፣ አንዲት ጎረቤታችን ሌሊት ምጥ ያዛት። በሰፈሩ ከኛ የሚበልጡ ሁለት መኪኖች ነበሩ፤ በሮቹ ተንኳኩተው አልተከፈቱም። ባለቤቶቹን አልወቅስም፤ ጊዜው በር የሚያስከፍት አልነበረም። አባቴ ሴትዮዋን ከኋላ፣ እናቴን ከጎኗ አድርጎ፣ ከፊት የቀበሌውን ጠባቂ ይዞ ወጣ። መንገድ ላይ ወታደሮች አስቆሟቸው። አንደኛው በባትሪ ወደ ውስጥ አብርቶ አራቱን ሰዎች ካየ በኋላ «ይቺ ደግሞ መኪና ናት?» ብሎ ሳቀና አሳለፋቸው። እናቴ ይህንን ስታወራ ሁልጊዜ የሚያስቃት ያ ወታደር ነበር። እኔን ደግሞ የሚገርመኝ፣ ከመኪናዋ ማነስ የተነሣ ማንም እንዳልፈራት ነው። የምትፈራ መኪና ለማግኘት የምንሮጠው እኛ ነን።

ታዲያ ማን አሳነሳት? ጥንት የሹም ክብር የሚለካው በበቅሎው መርገፍና ከኋላው በሚሮጠው አጃቢ ብዛት ነበር። በቅሎዋ ሄዳ ቪኤይት መጣ፤ ሚዛኑ ግን አልተለወጠም። 5 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ከሁለት ቶን ተኩል በላይ የሚመዝን መኪና አንድ ኃላፊ ብቻውን ከኋላ አስቀምጦ ከቢሮ ወደ ስብሰባ ይወስዳል። መንግሥታዊውም ሆነ መንግሥታዊ ያልሆነው መሥሪያ ቤት በዚህ አይተማሙም። ሕዝቡም የአለቆቹን ዓይን ተከትሎ ማየትን ለምዷልና «ሰውዬው ምን ይነዳል?» ሳይል ልጁን አይድርም።

የሚገርመው ደግሞ በታሪካችን ውስጥ ትንሿ መኪና የዋለችበት ቦታ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ሥራ አቁመው ከተማዋን ጸጥ ያሰኙት የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ነበሩ። ከታክሲዎቹም ብዙዎቹ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡ ትናንሽ ፊያቶች ናቸው። ስለ አብዮቱ የጻፉ ሰዎች ወታደሩን፣ ተማሪውንና መምህሩን በሰፊው ሲያነሡ ባለ ሴይቼንቶውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል።

በዚያው ድግስ ላይ አንድ የተከበሩ መሐንዲስ «የአገራችን መንገድ ትልቅ መኪና ግድ ይላል» ሲሉ ተከራከሩኝ። የገጠሩን መንገድ አስበው ከሆነ በከፊል እውነት አላቸው። ግን ጎረቤታችን ኬንያ ምን እንደ ታየ ላስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር፣ በጭቃና በአቧራ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ያሸነፈው ቮልስ 1200 ነው። በ1956 ያሸነፈችው ደግሞ ዲካቪ ናት፤ ሦስት ሲሊንደር፣ ባለሁለት ምት፣ ከ900 ሲሲ ያልዘለለ ሞተር! ያ መንገድ ዛሬ ከቦሌ ወደ ሜክሲኮ ከሚወስደው አስፋልት የሚከፋ ይመስለኛል። ደግሞስ ከቪኤይቶቹ ስንቱ ነው ጭቃ የሚያየው?

«ለደኅንነት» የሚለው ክርክር ከበድ ይላል፤ በቀልድ አላልፈውም። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ከትልቁ ውስጥ ያለው ሰው የተሻለ ዕድል አለው። የአባቴ ሴይቼንቶ የደኅንነት ቀበቶ አልነበራትም፤ ከፊታችንም ከስስ ላሜራ በቀር የሚጠብቀን አልነበረም። ለዚያ ዘመን መኪና እንመለስ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ነገር ግን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እግረኛው በየትኛው መኪና ውስጥ ነው የሚጠለለው? ከፍ ባለ ኮፈን ደረቱን ከሚመታው ከባድ መኪናና ዝቅ ብሎ እግሩን ከሚመታው ቀላል መኪና የትኛውን ይመርጥ ይሆን? ደኅንነት የምንለው የራሳችንን ብቻ ከሆነ ስሙን እንለውጥለት።

ነገሩ አሁን የሚያስቸኩል ሆኗል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መግቢያ ላይ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች፤ ስለዚህ ወደፊት በመንገዳችን የሚሞላው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ቀድሞ ቢያንስ ሲሲ የሚባል ልጓም ነበረን፤ የኤክሳይስ ታክሱ ከ1,300 ሲሲ ያልበለጠውን ከትልቁ ሞተር ለይቶ ቀለል ያደርግለት ነበር። ኤሌክትሪክ መኪና ግን ሲሲ የለውም። ጭስ የለውም ብለን ስንደሰት ስፋቱንና ክብደቱን የሚጠይቀው ሰው ጠፋ። ጭስ የሌለው ቪኤይትም ቢሆን የሚይዘው ቦታ ያው ነው፤ መገናኛ ላይ የሚቆመው ሰልፍም አያጥርም። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣችው ቺንኩዌቼንቶ 2.97 ሜትር ነበረች፤ የእህቴ ልጅ መኪናም ከዚያ አትበልጥም። አባቶቻችን የነዷት መኪና ጭሷን ትታ ተመልሳ ስትመጣ በሳቅ ተቀበልናት።

ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር አንድ ልመና አለኝ። የመኪና ማቆሚያ ክፍያ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በሜትርም ይታሰብ። አምስት ሜትር የያዘ የአምስት፣ ሦስት ሜትር የያዘ የሦስት ይክፈል። የመሥሪያ ቤት ታርጋ የለጠፈም ከዚህ አይውጣ። ለዚህ አዲስ ጥናትም ሆነ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም፤ ልብስ ሰፊ የሚይዘው ዓይነት ሜትር ይበቃል። የመጀመሪያውን ሜትር እኔ እገዛለሁ፤ ልኬቱም በዚያ ድግስ ደጃፍ ከቆሙት መኪኖች፣ ከቀልደኞቹ ይጀመር።